ኮድ ባልጽፍም ይሰሙኛል?

ጥያቄው ከደሴ የመጣ ነው። እንዲህ ይላል፦

«ፒያሳ አካባቢ ትንሽ የጽሕፈትና የፎቶ ኮፒ ቤት አለኝ። ሁለት ልጆች አብረውኝ ይሠራሉ። ድሮ የምንጠቀመው ክራክ የተደረገ ኦፊስ ነበር። ቫይረሱ ሲያማርረን ወደ ሊብሬኦፊስ ዞርን፤ ለጉርድ ፎቶ ደግሞ ጊምፕ ጫንን። ነፃ መሆናቸው ጥሩ ነው፤ ግን ልጆቹ ይጨናነቁብኛል። አንደኛ፣ ቁልፎቹ ያሉት እኛ ካልለመድነው ቦታ ነው። ሁለተኛ፣ ደንበኛ በፍላሽ የሚያመጣው የድሮ አማርኛ ፋይል ሲከፈት የማይነበብ ዝባዝንኬ ይሆናል። ሦስተኛ፣ የሊብሬኦፊስ የሰንጠረዥ መሥሪያ በሆነው ካልክ ላይ ‹ጳጉሜን 3 ቀን 2016› ብዬ ስጽፍ እንደ ቀን አይቆጥርልኝም። አራተኛ፣ ጊምፕ ላይ ፎቶ ሴቭ ሳደርግ ደንበኛው ስልክ ላይ የማይከፈት ፋይል ይሰጠኛል። አንዴ ለሊብሬኦፊስ ሰዎች በእንግሊዝኛ ‹ሶፍትዌራችሁ ለመጠቀም በጣም ከባድ ነው፣ አስተካክሉት› ብዬ ጽፌ ነበር። መልስ የለም። እኔ ኮድ አልጽፍም። እንደኔ ያለውን ተጠቃሚ እውነት የሚሰማ አለ? ወይስ ዝም ብሎ መልመድ ነው?»

መልስ

የምጽፍልሽ ከኮምቦልቻ ነው። ጎረቤት ስለሆንን «አንቺ» ብልሽ አትቀየሚኝም ብዬ ነው። ሥራዬ ሶፍትዌር ሰው እጅ ሲገባ ምን እንደሚሆን መፈተሽ ነው። ኮዱን የሚጽፉት ሌሎች ናቸው፤ እኔ የማየው የተጠቃሚውን እጅ ነው።

አጭሩ መልስ፦ አዎ፣ የሚሰማ አለ። ያልተሰማሽው ኮድ ስለማትጽፊ አይደለም። «ከባድ ነው፣ አስተካክሉት» የሚል መልእክት ለሚያነበው ሰው ምንም የሚጨብጠው ነገር አይሰጠውም። ልብስ ሰፊ ዘንድ ሄደሽ «ኮቱ አልተመቸኝም» ብትይው መቀሱን አያነሳም። «እጄን ስዘረጋ ብብቴ ሥር ይይዘኛል» ስትይው ግን የቱን ስፌት እንደሚፈታ ያውቃል። ለእኔ የጻፍሽው ደብዳቤ ለእነሱ ከጻፍሽው እጅግ ይሻላል። አራት ነገር ለይተሽ ነግረሽኛል። ለእነሱ ግን ከአራቱ አንዱንም አልነገርሻቸውም።

እዚያ ማዶ ማን እንዳለ ልንገርሽ። ሊብሬኦፊስ እ.ኤ.አ. በ2010 ከኦፕንኦፊስ ተለይቶ የወጣ ነው። የሚያስተባብረው በርሊን የተመዘገበ ዘ ዶክዩመንት ፋውንዴሽን የሚባል ድርጅት ነው። ኮዱን ከሚጽፉት አንዳንዶቹ ኩባንያ ይከፍላቸዋል። ሌሎቹ ከመደበኛ ሥራቸው በኋላ በፈቃዳቸው የሚሠሩ ናቸው። ኮድ የማይጽፉም ብዙ ናቸው፤ የሚፈትሹ፣ የሚተረጉሙ፣ የሚመጣውን ቅሬታ የሚያጣሩ፣ የቁልፎቹን አቀማመጥ የሚመክሩ። ያንቺ መልእክት መጀመሪያ የሚደርሰው ለአጣሪዎቹ ነው እንጂ ለፕሮግራመሩ አይደለም።

እነዚህ ሰዎች አንድ ትልቅ ችግር አለባቸው። አንቺን አያዩሽም። ብዙ የንግድ ሶፍትዌር ተጠቃሚው የቱን ቁልፍ እንደነካ፣ የት እንደቆየ እየቆጠረ ለባለቤቱ ይልካል። ኦፕን ሶርሱ ዓለም፣ ማለትም ኮዱን ለሁሉም ክፍት አድርጎ የሚሠራው፣ ይህን አይወድም። ኦዳሲቲ የሚባለውን የድምፅ ማረሚያ ታውቂው ይሆናል፤ መንዙማና መዝሙር የሚቀዱ ልጆች ይጠቀሙበታል። እ.ኤ.አ. በ2021 አዲሶቹ ባለቤቶቹ የአጠቃቀም መረጃ የሚሰበስብ ነገር እንጨምር ብለው ነበር፤ ያውም ተጠቃሚው ከፈቀደ ብቻ። ተጠቃሚው ጮኸ። ሐሳቡን ተዉት።

እኔ በዚህ ደስ ይለኛል። የደንበኛሽ ውል የሚተየብበት ማሽን ለማንም ሪፖርት ባያደርግ ይሻላል። ግን በነፃ አልመጣም። ማሽኑ ካልተናገረ ሰው መናገር አለበት ማለት ነው። የደሴ ጽሕፈት ቤቶች ዝም ካሉ፣ በርሊን ያለው ሰው ጳጉሜን የሚባል ወር መኖሩን የሚያውቅበት መንገድ የለውም።

አሁን ወደ አራቱ ቅሬታዎችሽ። እያንዳንዱ የሚሄድበት ቦታ የተለያየ ነው። እንዲያውም ከተጠቃሚ የሚጠበቀው ትልቁ ሥራ ይህን መለየት ይመስለኛል።

የቁልፎቹ ጉዳይ ቀድሞ የተፈታ ነው። «ቪው» የሚለውን ሜኑ ክፈቺ፣ «ዩዘር ኢንተርፌስ» በይ፣ «ታብድ» የሚለውን ምረጪ። ልጆቹ ለለመዱት አቀማመጥ በጣም ቅርብ ነው። መጀመሪያ እንደ ሙከራ ነበር የወጣው፤ እ.ኤ.አ. በ2019 በ6.2 ቨርዥን ከሙከራነት ወጣ። አሮጌው አቀማመጥም አልተነሳም፣ ምክንያቱም እሱን የለመዱ ብዙ ሰዎች አሉ። ስለዚህ ማንም ዘንድ ቅሬታ ከማቅረብሽ በፊት ሜኑውን አንድ ዙር ማየት ነው።

የድሮው አማርኛ ፋይል የሊብሬኦፊስ ጥፋት አይደለም። የኢትዮጵያ ፊደል ዩኒኮድ (ለዓለም ቋንቋዎች ፊደል ሁሉ የየራሱን ቋሚ ቁጥር የሚሰጠው የጋራ ደንብ) ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው። ከዚያ በፊት እያንዳንዱ የአማርኛ ፎንት ሠሪ ፊደሎቻችንን በላቲን ፊደል ቦታ ላይ እንደፈለገ ይደረድር ነበር። ፋይሉ ውስጥ ያለው እውነተኛ «ሀ» ወይም «ለ» አይደለም። በዚያ ፎንት ሲታይ ብቻ ሀ እና ለ የሚመስል ሌላ ምልክት ነው። ፎንቱ ያንቺ ማሽን ላይ ከሌለ ዝባዝንኬ ታያለሽ። ይህን ለሊብሬኦፊስ ብትጽፊ «የእኛ ጉዳይ አይደለም» ተብሎ ይዘጋል፤ በትክክልም ነው የሚዘጋው። መፍትሔው ፋይሉ የተጻፈበትን ፎንት አግኝቶ መጫን፣ ወይም ወደ ዩኒኮድ በሚቀይር መሣሪያ መቀየር ነው። ከአሁን በኋላ የምትተይቡትን ግን በዩኒኮድ ብቻ አድርጉት። ኪይማን የሚባለው የመተየቢያ ፕሮግራም ነፃና ኦፕን ሶርስ ነው። ኖቶ ሴሪፍ ኢትዮፒክና አቢሲኒካ የሚባሉት ፎንቶችም ነፃ ናቸው። ከአሥር ዓመት በኋላ ሌላ ጽሕፈት ቤት ያንቺን ፋይል ሲከፍት አያማሽም።

የጊምፕ ነገር ሰፋ አድርጌ ላወራው የምፈልገው ነው። ተጠቃሚና ዴቨሎፐር ሲጋጩ ምን እንደሚመስል በደንብ ያሳያል።

ጊምፕ እስከ 2.8 ቨርዥን ድረስ ፎቶ ከፍተሽ አስተካክለሽ ሴቭ ስትይ በጄፔግ ያስቀምጥልሽ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2012 2.8 ሲወጣ ይህን ቀየሩት። «ሴቭ» የጊምፕን የራሱን ፋይል ብቻ ያስቀምጣል፤ ጄፔግ ከፈለግሽ «ኤክስፖርት» ማለት አለብሽ። ምክንያታቸው ሞኝ አልነበረም። ጄፔግ ሌየሮችን፣ ማለትም ፎቶው ላይ ተደራርበው የሚሠሩትን ንብርብሮች፣ አይዝም። ሰው ሰዓታት የሠራበትን ፎቶ በጄፔግ ሴቭ አድርጎ ይዘጋል፤ ነገ ሲከፍተው ሌየሩ ሁሉ ተደፍጥጦ ያገኘዋል። «ሴቭ ብዬ ነበር እኮ!» ይላል። ስለዚህ ሴቭ ማለት ምንም ነገር ሳይጠፋ ማስቀመጥ ብቻ ይሁን አሉ።

ተጠቃሚው ግን ተናደደ። በተለይ እንዳንቺ ያለው፤ ጉርድ ፎቶ ቆርጦ፣ ብርሃኑን አስተካክሎ፣ በሁለት ደቂቃ ለደንበኛ የሚሰጠው። ለእሱ ሌየር ምኑም አይደለም። ብዙ ተጻፈ፣ ብዙ ተሰደበ። ዴቨሎፐሮቹ አልመለሱትም። ሶፍትዌሩን የምንሠራው ሥዕልና ፎቶ በጥልቀት ለሚሠራ ሰው ነው አሉ።

የእኔን አስተያየት ከፈለግሽ፣ በውሳኔያቸው እስማማለሁ፤ በአተገባበሩ አልስማማም ነበር። መጀመሪያ ላይ በሴቭ ሳጥኑ ውስጥ ስሙን በጄፔግ ጨርሰሽ ከጻፍሽ «አይሆንም፣ ወደ ኤክስፖርት ሂጂ» ብሎ ይመልስሽ ነበር። ምን እንደፈለግሽ ገብቶታል፤ ግን አያደርስሽም። ኋላ ላይ በዚያው ማስጠንቀቂያ ውስጥ ቀጥታ ወደ ኤክስፖርት የሚወስድ ቁልፍ ጨመሩበት። ልብ በይ፦ ውሳኔው አልተቀየረም፤ ሰው የሚደናቀፍበት ቦታ ግን ተስተካከለ። «ወደ ድሮው መልሱት» የሚሉት ጩኸቶች ሁሉ ያን ያህል አላመጡም። «እዚህች ሳጥን ላይ ደርሼ እቆማለሁ» የሚል ነገር ግን ሊስተካከል የሚችል ነው። ለልጆችሽ ደግሞ አንድ ነገር አስለምጃቸው፦ ኮንትሮል፣ ሺፍትና ኢ አንድ ላይ ሲጫኑ ኤክስፖርት ይከፈታል። ከዚያ ጄፔግ ብሎ መጨረስ ነው።

እርግጥ ሁልጊዜ እንዲህ አይቆምም። ብሌንደር የሚባለው የሦስት አውታር ሥዕል ሶፍትዌር ለዓመታት ነገሮችን የሚመርጠው በማውሱ ቀኝ ቁልፍ ነበር። ዓለም ሁሉ በግራ፣ እሱ በቀኝ። አዲስ ሰው ሁሉ እዚያ ላይ ይደናገራል። የቆዩት ደግሞ «እጃችን ለምዶታል፣ እንዲያውም ይሻላል» ይላሉ። እ.ኤ.አ. በ2019 በወጣው 2.80 የግራው መደበኛ ሆነ። የቀኙም በምርጫ ቀረ። ዓመታት ፈጀ፣ ግን ሆነ።

ሙዝስኮር የሚባል የሙዚቃ ኖታ መጻፊያም አለ። ማርቲን ኪሪ የሚባል የሙዚቃ ደራሲና ዲዛይነር እ.ኤ.አ. በ2019 የሶፍትዌሩን ጉድለት አንድ በአንድ እያሳየ፣ እየቀለደም፣ ቪዲዮ ሠራ። ሰዎቹ አልተቀየሙትም። የዲዛይን ኃላፊ አደረጉት። በ2022 መጨረሻ የወጣው ሙዝስኮር 4 የዚያ ሥራ ውጤት ነው። ሁላችንም እንደሱ እንቀጠራለን ማለቴ አይደለም። ግን ትችቱ የተሰማው ስለተሳደበ ሳይሆን፣ የቱ ጋ ምን እንደሚያደናቅፍ እየነካካ ስላሳየ ነው።

አሁን ወደ ጳጉሜን። ይህ ወርቅ የሆነ ቅሬታ ነው፤ ከአራቱ አንቺ ብቻ ልትናገሪው የምትችዪው እሱ ነው። ቁልፍ ያልተመቸው ሰው ጀርመንም ብራዚልም አለ። ዓመቱ 13 ወር የሆነ ሰው ግን የት ይገኛል? ሊብሬኦፊስ ባግዚላ የሚባል የችግር መዝገብ አለው። እዚያ ገብተሽ እንዲህ ዓይነት ነገር ብትጽፊ ይነበባል፦

«ደሴ፣ ኢትዮጵያ ውስጥ የጽሕፈት አገልግሎት እሰጣለሁ። የቤት ኪራይና የዕቁብ መክፈያ ሰንጠረዥ ለደንበኞች እሠራለሁ። የምንጠቀመው በኢትዮጵያ ዘመን አቆጣጠር ነው። ዓመቱ 13 ወር አለው፤ 13ኛው ጳጉሜን 5 ቀን ነው፣ በየ4 ዓመቱ 6 ይሆናል። ካልክ ላይ በአንድ ሴል ‹ጳጉሜን 3 ቀን 2016› ብዬ ጻፍኩ። በሚቀጥለው ሴል በዚያ ላይ 10 ቀን ደመርኩ። የጠበቅሁት ‹መስከረም 8 ቀን 2017› ነበር። ያገኘሁት የስህተት ምልክት ነው። ለማመሳከር፦ ጳጉሜን 3 ቀን 2016 በፈረንጅ ሴፕቴምበር 8 ቀን 2024 ነው፤ መስከረም 8 ቀን 2017 ደግሞ ሴፕቴምበር 18 ቀን 2024። አሁን የማደርገው የፈረንጁን ቀን በሌላ ዓምድ ጽፌ በእሱ እያሰላሁ፣ የእኛን በእጄ እየቀየርኩ ነው። በዚህ ምክንያት የክፍያ ቀን እየተሳሳተ ደንበኛ ይመለስብናል።»

ይህ ሪፖርት ምን እንዳለው አየሽ? አንቺ ማን እንደሆንሽና ለምን እንደፈለግሽው አለው። አንድ በአንድ ምን እንዳደረግሽ አለው። ምን ጠብቀሽ ምን እንዳገኘሽ አለው። ስለ ጳጉሜን ሰምቶ የማያውቅ ሰው እንኳ ትክክል መሆኑን በፈረንጁ ቀን ያረጋግጣል። አሁን በምን እንደምትሸፋፍኚው አለው፤ ይህን ብዙ ሰው ይረሳዋል፣ ዲዛይነር ግን ከሁሉ በላይ የሚፈልገው እሱን ነው። ሰው ችግርን በምን እንደሚያልፍ ካወቀ፣ ምን መሥራት እንዳለበት ግማሹን አውቋል።

የሌለውንም ልብ በይ። «እዚህ ሜኑ ውስጥ እንዲህ ያለ ቁልፍ ጨምሩ» አይልም። መፍትሔውን ለእነሱ ተይላቸው። አንቺ ሥራሽን ንገሪያቸው። ሊብሬኦፊስ ውስጥ ካሉት መሠረቶች አንዱ አይሲዩ የሚባል የጋራ ኮድ ነው። የኢትዮጵያ ካላንደር እዚያ ውስጥ ተዘጋጅቶ አለ። ይህን አንቺ ልታውቂ አይጠበቅብሽም። ሪፖርቱን የሚያነበው ሰው ግን «ቆይ፣ ይህ እኮ አይሲዩ ውስጥ አለ፤ ከካልክ ጋር ማገናኘት ነው» ሊል ይችላል። ፍላጎቱን አንዱ ያመጣል፣ መንገዱን ሌላው ያውቃል። ሁለቱ አንድ ሰው ሆነው አያውቁም ማለት ይቻላል።

የማይቻል ነገር እየጠየቅሽ እንዳይመስልሽ። ጤና ጣቢያዎቻችን ወርኃዊ ሪፖርት የሚሞሉበት ዲኤችአይኤስ2 ራሱ ኦፕን ሶርስ ነው፤ መነሻው ኦስሎ ዩኒቨርሲቲ ነው። ቅንብሩ ውስጥ የኢትዮጵያን ካላንደር መምረጥ ይቻላል። ልዩነቱ፣ እዚያ ጠያቂው የጤና ሚኒስቴር የሚያህል ተቋም ነው። ተቋም ሲጠይቅ ይፈጥናል፤ ይህን አልደብቅሽም። አንዲት ጽሕፈት ቤት ስትጠይቅ ይዘገያል። ለዚህ ነው ሌላ ሰው ማስተባበር ያለብሽ፤ እመለስበታለሁ።

ስለ ሪፖርቱ ጥቂት የሥራ ነገሮች። ከመጻፍሽ በፊት መዝገቡ ውስጥ ፈልጊ፤ ሌላ ሰው ጽፎት ከሆነ አዲስ አትክፈቺ፣ እዚያው ላይ ያንቺን ሁኔታ ጨምሪ። «እኔም!» ብቻ ብለሽ ግን አትጻፊ። ለመቶ ሰው ኢሜይል ይደርሳል፣ አዲስ ነገር የለውም፣ ሰው ያናድዳል። ቨርዥኑን ከ«ሄልፕ» ሜኑ ሥር «አባውት» ከሚለው ኮፒ አድርጊ። ሊብሬኦፊስ ከ2024 ጀምሮ ቨርዥኑን በዓመትና በወር ነው የሚሰይመው፤ 24.2 ማለት የ2024 ፌብሩዋሪ ነው። ስለዚህ ያንቺ ምን ያህል እንዳረጀ ወዲያው ይታያል። ነገሩ ባግ (የሶፍትዌሩ የራሱ ስህተት) ከመሰለሽ ደግሞ ከዚያው «ሄልፕ» ሥር በ«ሴፍ ሞድ» አስነስተሽ ሞክሪ። በሴፍ ሞድ ከጠፋ ችግሩ ያንቺ ማሽን ቅንብር ላይ ነው። አንድ ሪፖርት፣ አንድ ችግር። አራቱን በአንድ ብትከምሪ ማንም አይነካውም።

እባክሽ ይህን ደግሞ አጥብቄ ልንገርሽ፦ የደንበኛ ፋይል አታያይዢ። የቤት ሽያጭ ውል፣ የፍርድ ቤት አቤቱታ፣ መታወቂያ፤ እጅሽ ላይ የማይገባ ነገር የለም። መዝገቡ ለሁሉም ክፍት ነው፤ አንዴ ከወጣ ወጣ። «አበበ» «ፋጡማ» የሚል የፈጠራ ስም ያለበት ትንሽ ፋይል ሠርተሽ ችግሩ በእሱም መታየቱን አረጋግጪና እሱን ላኪ። ስክሪንሹት ስታነሺም ከኋላ የተከፈተውን ተመልከቺ።

ከላክሽ በኋላ ምን ይሆናል? ሪፖርቱ መጀመሪያ «ያልተረጋገጠ» ተብሎ ይመዘገባል። ሌላ ሰው በራሱ ማሽን ሞክሮ ካየው «አዲስ» ይሆናል። የአቀማመጥ ወይም የአጠቃቀም ጉዳይ ከሆነ የዲዛይን ሰዎች እንዲያዩት ምልክት ይደረግበታል፤ እዚያ ክርክር ይነሳል። «ለምን ይህን ትፈልጊያለሽ?» ሲሉሽ መናቅ እንዳይመስልሽ። ሊረዱሽ ነው የሚጠይቁት። ተጨማሪ መረጃ ጠይቀውሽ ለወራት ዝም ካልሽ ይዘጉታል። ብዙ ጥሩ ሪፖርት የሚሞተው እዚህ ላይ ነው። መብራት ጠፋ፣ ኔትወርክ ጠፋ፣ ከዚያ ተረሳ። ኢሜይልሽን በሳምንት አንዴ እዪው።

አንዳንዴ ደግሞ «አንሠራውም» ይሉሻል። ዴቨሎፐር «ለምን ምርጫ አትጨምሩም፣ የፈለገ ይምረጥ» ሲባል የሚያመነታው ስንፍና ይዞት አይደለም። እያንዳንዱ አዲስ ምርጫ ከሌሎቹ ምርጫዎች ሁሉ ጋር አብሮ መሥራቱ መፈተሽ አለበት። ዛሬ አንቺን የሚያስደስት ቁልፍ ለሚቀጥለው ሰው አንድ ተጨማሪ ግራ የሚያጋባ ነገር ነው።

አንቺ ደግሞ እነሱ የሌላቸው አንድ ነገር አለሽ። ሱቅሽ። እ.ኤ.አ. በ2001 ሰን ማይክሮሲስተምስ ግኖም የሚባለውን የሊኑክስ ገጽታ ተራ ሰዎች ሲጠቀሙበት ቁጭ ብሎ አይቶ ውጤቱን አሳተመ። ለሠሪዎቹ ግልጽ የመሰላቸው ብዙ ነገር ለተጠቃሚው ግልጽ አልነበረም። ግኖም ራሱን የቻለ የዲዛይን መመሪያ ያወጣው ከዚያ በኋላ ነው። አንቺ ይህን ለማድረግ ቤተ ሙከራ መከራየት አይጠበቅብሽም። ያኮብ ኒልሰን የሚባለው የአጠቃቀም ባለሙያ 5 ሰው ካየሽ አብዛኛውን ችግር ታገኛለሽ ይላል። ቁጥሩ ላይ የሚከራከሩት አሉ። ለሱቅሽ ግን ይበቃል።

አዲስ ልጅ ስትቀጥሪ፣ ወይም ሥራ የቀለለበት ቀን፣ አንዱን አስቀምጪና «ይህን ማመልከቻ ፒዲኤፍ አድርገህ በቴሌግራም ላክልኝ» በዪው። ከዚያ ዝም። ከባዱ ይህ ነው። የወሎ ሰው ሌላው ሲቸገር አይቶ መቀመጥ አይሆንለትም፤ «ና ላሳይህ» ብሎ ማውሱን ይቀማል። አትቀሚው። እጁ የት ላይ እንደቆመ፣ የቱን ሜኑ ሁለቴ እንደከፈተ፣ ምን ብሎ እንዳጉረመረመ ጻፊ። «ቁልፉን የት አባታቸው ደበቁት» ቢል እሱንም ጻፊው። ሦስት አራት ልጅ እዚያው ቦታ ላይ ከቆመ የልጆቹ ጥፋት አይደለም። ያን ጊዜ «ሠራተኞቼ ሁሉ እዚህች ቁልፍ ላይ ይቆማሉ፣ የሚፈልጉት እዚያኛው ሜኑ ውስጥ ነው» ብለሽ ብትጽፊ፣ ለዲዛይን ሰዎች ከገንዘብ ይበልጥባቸዋል።

እንግሊዝኛው እንዳያስፈራሽ። አጭር አጭር ዓረፍተ ነገር፣ ቁጥር የተሰጠው ቅደም ተከተልና አንድ ስክሪንሹት ይበቃል። እዚያ የሚጽፉት ብዙዎቹም እንግሊዝኛ አፍ መፍቻቸው አይደለም። ጊዜ ካለሽ የሊብሬኦፊስ አማርኛ ትርጉም ዌብሌት በሚባል የትርጉም ድረ ገጽ በኩል ለማንም ክፍት ነው። የማይገባሽን የሜኑ ቃል እዚያው የተሻለ ሐሳብ ማቅረብ ትችያለሽ። ይህም ኮድ አይጠይቅም።

ማስተባበሩ ጋ ልመለስ። ደሴ ስንት ጽሕፈት ቤት አለ? ኮምቦልቻ፣ ሐይቅ፣ ወልድያስ? ሁሉም ጳጉሜን ላይ ይቸገራሉ፤ ሁሉም በየራሳቸው ያማርራሉ። አምስት ስድስታችሁ አንድ የቴሌግራም ግሩፕ ከፍታችሁ፣ በየሥራችሁ ካላንደሩ የት የት እንደሚያስቸግር ብትሰበስቡ ሪፖርቱ ሌላ ክብደት ይኖረዋል። ኮምቦልቻ ላይ የወሎ ዩኒቨርሲቲ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት አለ፤ ሶፍትዌር የሚማሩ ልጆች አሉበት። የመመረቂያ ፕሮጀክት ርዕስ ሲያጡ «የሆስፒታል ማኔጅመንት ሲስተም» የሚሉት ነገር ሰልችቷቸዋል፤ እኔንም ሰልችቶኛል። እውነተኛ ተጠቃሚ ያለው፣ በሰፊው የሚሠራበት ሶፍትዌር ላይ የሚገባ፣ ሌላ ዴቨሎፐር የሚገመግመው ሥራ ቢያገኙ ደስ ይላቸዋል። አንቺ ኮድ አትጽፊም፤ እነሱ ደግሞ የኪራይ ሰንጠረዥ ሠርተው አያውቁም። አንድ ቀን ሱቅሽ መጥተው ይቀመጡ።

ከፍ ያለ ነገር መሞከር ከፈለግሽ፣ ሊብሬኦፊስ በዓመት ሁለቴ፣ በፌብሩዋሪና በኦገስት አዲስ ቨርዥን ያወጣል። ከዚያ በፊት የሙከራ ቨርዥን ይለቀቃል። እሱን አውርደሽ፣ የየዕለት ሥራሽን ሞክረሽበት፣ የተበላሸ ነገር ካለ መጻፍ ትልቅ እርዳታ ነው። ባግ ገና ሳይለቀቅ መያዝ ከተለቀቀ በኋላ ከማሳደድ ይቀላል። ግን የደንበኛ ሥራ ባለበት ማሽን ላይ አትጫኚው። ፋይሉም ከ300 ሜጋ ባይት በላይ ነው፤ ዋይፋይ ያለበት ቦታ አውርጂው እንጂ በሞባይል ዳታ ጥቅልሽን እንዳትጨርሺበት።

እስከዚያው ሰንጠረዥሽን እንዲህ አድርጊው። አንድ ዓምድ በፈረንጅ ቀን፣ ስሌቱ ሁሉ በእሱ። ከጎኑ አንድ ዓምድ በእኛ አቆጣጠር፣ ለደንበኛው ዓይን ብቻ። ፕሪንት ስታደርጊ የመጀመሪያውን ደብቂው።

የጳጉሜኑን ሪፖርት ስትጽፊ የመዝገብ ቁጥሩን ላኪልኝ። ያንቺን ቅደም ተከተል እኔም ማሽኔ ላይ እሞክረውና «እኔም ጋ ይታያል፣ በዚህ ቨርዥን» ብዬ እጽፍበታለሁ። «ያልተረጋገጠ» ከሚለው የሚወጣው ሁለተኛ ሰው ሲያየው ነው።